ሁለቱም ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ያገኛሉ፣ እርስ በርስ ግን አይተያዩም፦ ከጅማ የአንድ ቤት ጉዳይ

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጋሼ ደወሉልኝ። ታላቅ ወንድሜ ናቸው፣ ጊንጆ ነው የሚኖሩት። «ይኼ ዴስክቶፕ አስመርሮኛል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ፎርማት ላስደርገው ነው» አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ! «ጋሼ፣ እባክዎ እስከ ቅዳሜ ይታገሱኝ፣ መጥቼ ልየው» አልኳቸው። እኔም እዚያው ጅማ፣ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ስለምኖር ሩቅ አይደለሁም።

የቅዳሜውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምጽፈው፣ ይሄ ችግር በብዙ ቤት እንዳለ ስለማውቅ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ከሌላው ጋር አልገናኝ ሲል ሰው መጀመሪያ መስመሩን ይወቅሳል፣ ቀጥሎ ፎርማት ያስደርጋል፣ በመጨረሻ አዲስ ራውተር ይገዛል። እዚህ ቤት ግን መስመሩም ዊንዶውሱም ራውተሩም ጤነኛ ነበሩ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ደግሞ አንድ ብቻ አልነበረም፣ ሦስት ነበር።

ቤቱ እንዲህ ነው። ከፊት ትልቁ ቤት አለ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት። ራውተሩ ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ከጓሮ በብሎኬት የተሠራ፣ የብረት በር ያለው ሰርቪስ አለ፣ ጋሼ የቡና ሂሳብ የሚሠሩበት ዴስክቶፕ እዚያ ነው። በእርምጃ ስለካው ከራውተሩ እስከ ዴስክቶፑ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዴስክቶፑ የራሱ ዋይፋይ ስለሌለው አውራ ጣት የምታክል ዩኤስቢ ዋይፋይ ከኋላው ተሰክታለታለች። ላፕቶፑ የልጃቸው ነው። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ናት፣ የመመረቂያ ጽሑፏን እየጨረሰች ነው። ፕሪንተሩ ደግሞ ዴስክቶፑ ላይ ነው የተገጠመው። እንግዲህ አስቡት፣ የአባትየው ሂሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የልጅቷ ጽሑፍም በዚያው ወር ይገባል፣ ሁለቱም የሚፈልጉት ፋይል ያኛው ኮምፒውተር ላይ ነው።

በፊት በፍላሽ ነበር የሚቀባበሉት። ሚያዝያ ላይ ፍላሹ ያ የሚታወቀው ቫይረስ ገባበትና ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ፋይሎቹ ተደብቀው ነበር እንጂ አልጠፉም ነበር። ይሄ የታወቀው ግን ፍላሹ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ነው። የልጅቷ አንድ ሙሉ ምዕራፍ በዚህ ሄደ። ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሼ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝተው ዴስክቶፑ ላይ ሰኩ፣ «ከእንግዲህ ሁሉም ነገር እዚህ ይቀመጥ» ብለው። ከላፕቶፑ በዋይፋይ መላክ ነው የቀረው። እሱ ነው እምቢ ያለው።

ቅዳሜ ጠዋት እንደደረስኩ አንድ ደብተር ጠየቅኩና ችግሩን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ዴስክቶፑ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ግን ይቆራረጣል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ተገናኝቷል እያለ ጭራሽ አይሠራም። ላፕቶፑ ምንም ችግር የለበትም። ዴስክቶፑና ላፕቶፑ ኔትወርክ ላይ አይተያዩም። «መቼ ጀመረ?» ብዬ ጠየቅኩ። የጋሼ ባለቤት እትዬ ናት የመለሰችው፣ «ከፋሲካ ወዲህ ነው መሰለኝ፣ ያ ዲስክ የመጣ ሰሞን።» ጻፍኩት። ግን ትኩረት አልሰጠሁትም፣ ጠዋቱን ሙሉ ያባከንነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዴስክቶፑ ላይ ተቀመጥኩና ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ ራውተሩን ፒንግ አደረግኩት። ፒንግ ቀላል ነገር ነው። ኮምፒውተሩ «አለህ ወይ?» ይላል፣ ራውተሩ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል፣ የፈጀው ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይጻፋል። የቤት ራውተር አድራሻ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ የእነ ጋሼም እሱ ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ ጥያቄ ከግቢው አይወጣም። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ አይነካውም። ስለዚህ መስመሩን ከመውቀስ በፊት የመጀመሪያው ፈተና ይሄ ነው።

ቁጥሮቹ መውረድ ጀመሩ። 3፣ 4፣ 3፣ 212፣ 1140፣ ከዚያ ዝም። «ጊዜው አለፈ» የሚል መስመር፣ እንደገና ሌላ። ከዚያ 5፣ 3፣ 640። ከ100 ጥያቄ 27ቱ መልስ ሳያገኙ ቀሩ። ሊቆራረጥ የግድ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የብረቱን በርና የብሎኬቱን ግድግዳ ነው። ብረት ሞገድ ይመልሳል፣ ይሄ እውነት ነው። በሩን ከፈትነው፣ ራውተሩንም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተን መስኮቱ ጋ አስቀመጥነው። የዋይፋዩ ምልክት ከሁለት መስመር ወደ ሦስት ከፍ አለ። ደስ አለን። ፒንጉን ስደግመው ግን ያው ነው፣ ከ100 ውስጥ 24 ጠፋ። ምልክቱ እየጨመረ ጥፋቱ አልቀነሰም ማለት የርቀትና የግድግዳ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው።

ቀጥሎ ያደረግነው ነገር ነው መንገዱን ያሳየን። ልጅቷ ላፕቶፑን አምጥታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከዴስክቶፑ አጠገብ አስቀመጠች። አንድ ቦታ፣ አንድ ራውተር፣ አንድ ግድግዳ። የላፕቶፑ ፒንግ 2፣ 3፣ 2፣ 4 እያለ ሄደ። ከ100 አንድም አልጠፋም። ስለዚህ እዚያ ቦታ ሲግናል ይደርሳል። «እንግዲህ ይቺ ዩኤስቢ ዋይፋይ ተበላሽታ ነው» አሉ ጋሼ። ለመግዛት ተነስተው ነበር። «ቆይ» አልኩና ነቅዬ ላፕቶፑ ላይ ሰካኋት፣ የላፕቶፑን የራሱን ዋይፋይ ዘጋሁት። ያንኑ ያህል ጥሩ ሠራች። እሷም ጤነኛ ናት። የቀረው ዴስክቶፑ ላይ የምትሰካበት ቦታ ብቻ ነው።

የሲፒዩውን ሳጥን ከግድግዳው አላቅቄ በስልክ መብራት ከኋላ አየሁት። አቧራ ለብሷል። ሁለት ዩኤስቢ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን አሉ፣ ውስጣቸው ሰማያዊ ነው። በአንዱ ይቺ ዋይፋይ ነበረች፣ በሌላው የኤክስተርናሉ ኬብል፣ በመካከላቸው የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ የለም። የእትዬ ነገር ያኔ ትዝ አለኝ። ያ ዲስክ የመጣ ሰሞን!

ዋይፋዩዋን መልሼ ሰካኋትና ፒንጉን ያለማቋረጥ እንዲሄድ አደረግኩት። ቁጥሩ ይዘላል፣ ይጠፋል። ልጅቷን «ዲስኩን በሥርዓቱ አውጥተሽ ኬብሉን ንቀይው» አልኳት። ነቀለችው። 3፣ 3፣ 2፣ 4፣ 3። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን ቀረን። «መልሺው።» መለሰችው። ዲስኩ መዞር ሲጀምር 380፣ ዝም፣ ዝም፣ 95። አራት ጊዜ ነቅለን አራት ጊዜ መለስነው። አራቱንም ጊዜ ያው ሆነ።

ነገሩ በደንብ የታወቀ ነው። ሰማያዊው ዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ እስከ 5 ጊጋቢት ያስተላልፋል። ሲሠራ ከኬብሉና ከመሰኪያው የሚወጣው የሬዲዮ ጫጫታ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢም ይደርሳል። ይሄ ደግሞ ዋይፋይ የሚሠራበት ቦታ ነው። ኢንቴል በ2012 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ ጽሑፍ አውጥቷል። ሁለቱን አራርቋቸው ነው ምክሩ። ባለ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ቢሆን ኖሮ ይሄ ጫጫታ አያገኘውም ነበር፣ የጋሼ ግን 2.4 ብቻ ነው።

ጋሼ አልተዋጠላቸውም። «ምልክቱ ሦስት መስመር እያሳየ እንዴት አይሰማም?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልመልስ ስል ዝናቡ ወረደ። የጅማን የሰኔ ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጎንህ ያለው ሰው የሚለውን አትሰማም። እኔ በተለመደው ድምፄ እያወራሁ ጋሼ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን?» ይሉኛል። «ይኸው ይሄ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እኔ ድምፄን አልቀነስኩም፣ ቆርቆሮው ነው የሸፈነው። ምልክቱ የሚያሳየው የራውተሩን ድምፅ ጉልበት ነው እንጂ ዲስኩ አጠገብ የሚያሰማውን ጫጫታ አይደለም። ያን ጊዜ ገባቸው።

(በነገራችን ላይ ብዙ ሰው «ዝናብ ሲዘንብ ዋይፋዩ ይደክማል» ይላል። 14 ሜትር ላይ የዝናቡ ጠብታ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ከዝናቡ ጋር የሚሄደው መብራቱ ነው።)

መፍትሔው አንድ ሜትር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ሆነ። ዝናቡ ሲያባራ ልጅቷ መርካቶ ወርዳ ገዝታ መጣች። ዋይፋዩዋን ከፊት ለፊት ጥቁሩ ዩኤስቢ ላይ በኤክስቴንሽን ሰካንና ከላይ መደርደሪያው ላይ፣ ከብረቱ ሳጥንም ከዲስኩም ራቅ አድርገን አስቀመጥናት። ዲስኩ እየሠራ ከ100 የጠፋው አንድ። መጀመሪያ 27 እንደነበር አስታውሱ።

እግረ መንገዴን ቻናሉንም፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበትን የሞገድ መስመር፣ አየሁ። 2.4 ላይ 13 ቻናል ቢኖርም በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት ስለተደረደሩና አንዱ ዋይፋይ 20 ገደማ ስለሚይዝ፣ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የጎረቤቶቹ አብዛኞቹ 6 ላይ ነበሩ። የእነ ጋሼን 11 ላይ አደረግኩት። ያን ያህል ለውጥ አላየሁም፣ ግን አይጎዳም።

ሁለተኛው ችግር አጭር ነው። «አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይሠራም» ያሉት። የዴስክቶፑን ሴቲንግ ስከፍት አይፒ አድራሻው በእጅ ተጽፏል፣ 192.168.1.3 ተብሎ። ያኔ ፎርማት ያደረገው ልጅ አድራሻው እንዳይቀያየር ብሎ ነው የጻፈው፣ አሳቡ ትክክል ነው። ግን ራውተሩ ራሱ ለሚመጣው ሁሉ ከ2 ጀምሮ እያደለ ነው። ዴስክቶፑ ጠፍቶ ሳለ የእትዬ ስልክ 3ን ከያዘች፣ ዴስክቶፑ ሲበራ አንድ የቤት ቁጥር ለሁለት ቤት ይሆናል። በእጅ የተጻፈውን አጥፍቼ ወደ አውቶማቲክ መለስኩት። ከዚያ ራውተሩ ውስጥ ገብቼ የዴስክቶፑን ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣውን የራሱን መለያ) 192.168.1.20 ላይ አስመዘገብኩ። አሁን ቁጥሩን የሚያድለውም የሚያስከብረውም አንዱ ራውተሩ ነው።

(አድራሻችሁ በ169.254 ጀምሮ ካያችሁት ደግሞ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቁጥር ለምኖ አጥቶ ለራሱ የሰጠው ነው። ያኔ ስለ ፋይል ሼር ማሰብ ትታችሁ ወደ ዋይፋዩ ግንኙነት ተመለሱ።)

ሦስተኛው ችግር ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። አሁን ሁለቱም ራውተሩን በደንብ ያገኙታል፣ ላፕቶፑ ዴስክቶፑን ፒንግ ሲያደርግ ግን መልስ የለም። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ራውተሩ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ይከለክላል፣ የእንግዳ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ወይም ዴስክቶፑ ራሱ ሰምቶ ዝም ይላል። የትኛው እንደሆነ የምለይበት መንገድ አለኝ። መልስ ካጣሁ በኋላ ላፕቶፑ ላይ «ኤአርፒ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቼ፣ በግቢው ውስጥ ያገኛቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር አያለሁ። የ192.168.1.20 ማክ አድራሻ እዚያ ከተጻፈ ሁለቱ ተገናኝተዋል ማለት ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ በሩን የዘጋው ዴስክቶፑ ነው። ከሌለ ወደ ራውተሩ እሄዳለሁ። ተጽፎ አገኘሁት።

በሩን የዘጋው ፋየርዎሉ፣ ከውጭ የሚመጣውን የሚያጣራው የዊንዶውስ ዘበኛ፣ ነበር። ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ ይሄ የቤትህ ነው ወይስ የሕዝብ ቦታ ብሎ የሚለይበት ሴቲንግ አለ። የሕዝብ ከተባለ ካፌ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው ራሱን ይደብቃል፣ ፋይል አያሳይም፣ ለፒንግም አይመልስም። ፎርማት በተደረገ ቁጥር ይሄ ምርጫ ከዜሮ ይጀምራል፣ ሁለቱንም ጊዜ የሕዝብ ሆኖ ነው የቀረው። ማለት ጋሼ ለችግሩ ብለው የከፈሉበት ፎርማት ራሱ ችግሩን እየመለሰ ያመጣው ነበር። ይሄን ሳስብ በጣም ነው የተቆጨሁት። «የግል» ወደሚለው ቀየርኩት፣ የፋይልና የፕሪንተር ሼሩን ከፈትኩ። ፒንጉ ወዲያው መለሰ።

ከዚያ ላፕቶፑ የዴስክቶፑን ፎልደር ሊከፍት ሲል ስምና ፓስወርድ ጠየቀ። ጋሼ ፓስወርድ የላቸውም፣ ባዶውን ሲሞክሩት ደግሞ አይቀበልም። ይሄ ብልሽት አይደለም። ዊንዶውስ ፓስወርድ የሌለውን አካውንት ከራሱ ኪቦርድ ላይ ያስገባል እንጂ በኔትወርክ አያስገባም። እዚህ ላይ ሰዎች የሚመክሩት «የፓስወርዱን ጥበቃ አጥፋው» ወይም «የድሮውን ኤስኤምቢ 1 (ዊንዶውስ ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራበትን ዘዴ) አብራው» ነው። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚያው በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነው፣ ዊንዶውስም በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ አዳዲስ ጭነቶች ላይ አጥፍቶት መምጣት ጀመረ። የሰው ደመወዝና የቡና ሂሳብ ያለበት ኮምፒውተር ላይ እሱን አላበራም። ዴስክቶፑ ላይ ለሼር ብቻ የሚሆን አዲስ አካውንት ከፈትኩ፣ ፓስወርድ ሰጠሁት፣ አንድ ፎልደር ብቻ ፈቀድኩለት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ልጅቷ የጽሑፏን ፎልደር መላክ ጀመረች። 700 ሜጋባይት ገደማ ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ዝም አልን። እትዬ ከሰሉን አያይዛ ቡና አፈላች። እኔም ደብተሩን ሞላሁ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ሳለን መብራቱ መጣ። መጀመሪያ ራውተሩ እስኪነሳ ጠበቅን፣ ከዚያ ዴስክቶፑን አበራን። 192.168.1.20ን ይዞ ተነሳ። የራውተሩን መብራቶች ሳይ ግን የመስመሩ ቀይ ነው፣ ኢንተርኔት አልመጣም። ጋሼ አይተውት «በቃ፣ ነገ ነው እንግዲህ» ብለው ወንበራቸውን ገፉ። ልጅቷ ግን ፎልደሩን እንደገና መላክ ጀምራ ነበር። አረንጓዴው መስመር እየሞላ ሄደ። በሰከንድ 2.9 ሜጋባይት፣ አራት ደቂቃ ገደማ። ሁሉም ገባ።

«ኢንተርኔት ሳይኖር?» አሉ ጋሼ።

አዎ። ቀኑን ሙሉ ልነግራቸው የፈለግኩት ይሄን ነው። ከመስመሩ የሚመጣው ሌላ፣ በግቢው ውስጥ ያለው ሌላ። ራውተሩ በአንድ እጁ ዓለምን ይይዛል፣ በሌላው ቤቱን። አንዱ እጁ ባዶ ሲሆን ሌላው አይታጠፍም። ኢንተርኔቱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው የመጣው፣ ያን ጊዜ ልጅቷ አትማ ጨርሳ ወረቀቱን እየቆጠረች ነበር።

ፍጥነቱ 2.9 መሆኑ አንዳንዱን ያስገርመው ይሆናል። ሁለቱም በዋይፋይ ስለሆኑ እያንዳንዱ ፋይል አየሩን ሁለቴ ያቋርጣል፣ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ዴስክቶፑ። አንዱ በኬብል ቢሆን እጥፍ ገደማ ይሄዳል። ክረምቱ ሲወጣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ኬብል ልንዘረጋ ተስማምተናል። ለጊዜው ግን ይሄም በቂ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ልጅቷ ደወለች። «አጎቴ፣ እንደገና መቆራረጥ ጀመረ። አባዬ ፎርማት እያለ ነው።»

«ዋይፋይዋ የት ናት?»

ሄዳ አየች። ክፍሉ ሲጸዳ ከመደርደሪያው ወርዳ ተመልሳ ከኋላ፣ ዲስኩ አጠገብ ተሰክታ አገኘቻት። በኤክስቴንሽኑ መልሳ ወደ ላይ አወጣቻት። ስልኩን ሳትዘጋ ፒንጉን እንድትጀምር ነገርኳትና ጠበቅኩ።

«ስንት ጠፋ?»

«ከመቶው ምንም» አለችኝ።